ቀይ ለባሿ እንዳትወድቅ

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጨፍሩበትን ውድድር የወደዱት እዚሁ ጅጋ፣ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው። ከሁሉም የሚያስበልጧት ቀይ ለባሿን ነበር፤ ዘላ ትወድቅና ተነሥታ ትጨርሳለች። ያንኑ ውድድሯን በስልኬ ጭኜላቸው በየሰንበቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እናያታለን። ልትዘል ስትል ጉልበቴን ጭምቅ አድርገው ይይዙና "እመብርሃን፣ ደግፊያት!" ይላሉ።

"አጎቴ፣ የተቀዳ ነው እኮ፤ መውደቋ አይቀርም።"

"አፍህን ሰብስብ! ዛሬ ብትቆምስ?"

ሻይ ቤቱ ሁሉ ይሥቅባቸው ነበር። እነዚያው ሣቂዎች ቀብራቸው ላይ ደረት መቱ።

ትናንት ብቻዬን ከፈትሁት። ልትዘል ስትል ጉልበቴን እሳቸው ይቀመጡበት ወደነበረው በኩል አስጠጋሁ፤ የያዘኝ የለም።

"እመብርሃን፣ ደግፊያት" አልሁ።

ወደቀች። እስክትነሣ መጠበቅ አቃተኝና ዘጋሁት።