ከፍሬሙ ኋላ የተወተፈው ሰው

የፎቶ ፍሬም የሚሠራውን ሰውዬ ሰፈሩ ሁሉ «ልኩ ነው» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የወለደችው እናቱም ሳትረሳው አልቀረችም። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ፍሬም አንድ ልክ ብቻ ነው። ፎቶ ከሰፋ ፎቶው ይቆረጣል እንጂ ፍሬሙ አይሰፋም። የሠርግ ፎቶ ሰጥታችሁት ሚዜዎቹ ከትከሻቸው ተሰንጥቀው፣ አማቶች ጭራሽ ጠፍተው ቢመጡ፣ መስተዋቱን በእጅጌው ወልወል አድርጎ «ልኩ ነው» ይላችኋል። በዚህ የተነሳ የተፋቱ አሉ፤ የታረቁም አይጠፉም። ቁራጩን ግን አይጥልም። ፍሬሙ እንዳይንቀጫቀጭ ከጀርባው ይወትፈዋል። ስለዚህ በየግድግዳችን ላይ ከምናየው ሰው ኋላ የማናየው ሰው አለ።

ከእናቱ ጋር የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የዚያች ክፍል በር ተቀርቅሮ አያውቅም። እናትየው ልጅ ሳለች፣ ቅኝ ገዢዎቹ አባቷን መንገድ ማዶ ወዳለው የወታደር ካምፕ ወሰዱት ተባለ፤ በዚያው ቀረ። የእሷ እናት «ሲመለስ በር ዘግተን እንዳናቆየው» ብላ መቀርቀሪያውን ነቀለችው። ልጅየዋም እስክታረጅ መልሳ አልመታችውም። ሌቦች ቤቱን ከመልመዳቸው የተነሳ በመጨረሻ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡ ነበር ይባላል።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ካምፑን ገዝቶ ሆቴል አደረገው። ግንቡን ቀባው እንጂ የመስኮቶቹን ብረት አልነካም። ከክፍሎቹ ሁሉ ውዱ የድሮው የቅጣት ክፍል ነው፤ መስኮት ስለሌለው «ጸጥታ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ታዲያ አንድ ቀን ካርቶን ሙሉ የካምፑን የጥንት ፎቶዎች ተሸክሞ ሱቁ መጣ።

«ጋሼ፣ ኮሪደሩን ሙሉ ልሰቅላቸው ነው። ባዶ ግድግዳ ሰው ሰልችቶታል።»

«ሰዎቹ እነማን ናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጌጥ ናቸው።»

ልኩ ነው ቆረጠ፣ ወተፈ፣ ቸነከረ፣ አስረከበ። ያን ሰሞን እናቱ ጉንፋን ጥሏት ነበር። ተሽሏት ሱቁ ውስጥ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ነው ወሬውን የሰማችው።

«የካምፑ ፎቶ ነው ያልከኝ?»

«አዎ እማ። መኮንኖች፣ ፈረስ፣ መድፍ። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ዳር ላይስ ማን ቆሟል?»

መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። ዳሩን አላየውም። ዳር እሱ ዘንድ የሚቆረጥ ነገር ነው።

«የአባቴን ፊት አንዴ እንኳ ደግሜ ሳላይ ልሙት?» አለችው። «ፎቶ የለው፣ መቃብር የለው። መልኩም ጠፍቶብኛል፤ ልብሱን ግን አውቀዋለሁ። ጥቁር ኮት ነው። በወሰዱት ዋዜማ እናቴ አዲስ ነጭ አንገትጌ ስትሰፋለት ኩራዙን የያዝኩላት እኔ ነኝ።»

እጇን ይዞ መንገዱን አሻገራት። ኮሪደሩ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ከቀለሙ ስር ደግሞ ሌላ፣ የቆየ ሽታ አለ። መኮንኖቹ ከግራና ከቀኝ ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ባለሆቴሉ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል።

«ጋሼ፣ ማታ ምረቃ አለብኝ። ግድግዳዬን እንዳያራቁቱብኝ።»

«ልኩ ነው» አለ ከልማድ፣ የመጀመሪያውን ፍሬም ከሚስማሩ እያወረደ።

የፍሬሞቹን ጀርባ አንድ በአንድ ከፈተ። ባለቤት የሌለው እጅ ወጣ። ግማሽ ፊት ወጣ። በገመድ የተያያዙ ባዶ እግሮች ወጡ። ልኩ ነው የገዛ መቀሱ ሥራ እያስፈራው ሄደ። «ጸጥታ» በር አጠገብ ሲደርሱ እናቱ የእጁን አንጓ ጨብጣ ያዘችው።

«ቆይ።»

ቁራጩ ላይ የካምፑ በር ይታያል። እጃቸውን የታሰሩ ሰዎች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው አንድ ረጅም፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ቆሟል፤ አንገትጌው ነጭ ነው።

«እሱ ነው» አለች። ፊቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንደ ልጅ ፈገግ አለች። ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወረደና ወገቡ ላይ ከተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ላይ ቆመ። በሌላው እጁ አለንጋ ይዟል። ሰውዬው ይስቃል።

«አስገድደውት ይሆናል፣ እማ።»

«አንገትጌውን እየው።»

አንገትጌው አልቋል። ጠርዙ ተበልቶ ክሩ ተንጠልጥሏል።

«አዲስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ዓመት ለብሶታል? ከቤታችን ፊት ለፊት ሆኖ።»

ባለሆቴሉ በትከሻቸው በኩል አንገቱን አሰገገ። «ይሄማ የዋናው በር ነው። በሰው ቁመት ያሳድጉልኝ፣ ጋሼ። ፈገግታውን አዩት? እንግዳ ተቀባይ ይመስላል።»



አመሻሹ ላይ የምረቃው ሙዚቃ ከማዶ ይሰማ ጀመር። እናትየው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል፤ ነፋስ ወለል ሲያደርገው በሱቁ አሻግሮ የካምፑ በር ፊት ለፊት ይታያል።

«ብርድ ነው፣ እማ?»

«መቀርቀሪያ አለህ?»

ሚስማር ማስቀመጫውን በረበረና አንድ አሮጌ መቀርቀሪያ አወጣ። ለበሩ ይረዝማል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ልኩ ነው» አላለም፤ በሩን በትከሻው ደግፎ መምታት ጀመረ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር እናቱ ጆሮዋን ወደ ማዶ ታቀናለች፤ ቁልፍ ሲንቃጨል የሰማች ትመስላለች።

«ጠበቅ አድርገው፣ ልጄ» አለችው።