ሐኪሙ የገደለው ዋይፋይ

ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ የሞተ ስልክና የደነዘዘ ላፕቶፕ ያስነሳል፤ ውሃ የገባበትን፣ ከፎቅ የወደቀውን፣ ልጅ የረገጠውን ሁሉ። ሚስቱም ስትቀልድ «የእኔ ሐኪም» ትለዋለች። ይህችን «የእኔ» ሲሰማ ደረቱ ይነፋል።

ሚስቱ ተርጓሚ ናት። መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ የመድኃኒትና የማሽን መመሪያ ስትተረጉም ትውላለች። ድርጅቷ የሰጣት ላፕቶፕ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራ ነው። ሐኪሙ ዕድሜውን የፈጀው በዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስን በሩቁ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ላፕቶፑ ባስቸገራት ቁጥር የምትደውለው ለባሏ ሳይሆን ለድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ቆሽቱን የሚያሳርረውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ባለሙያውን «እርስዎ» ነበር የምትለው። አንድ ቀን ሐኪሙ ምሳውን እየበላ «ቆይ እስኪ፣ አንተ ደግሞ!» ብላ ስትስቅ ሰማት። ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ አንቺ የተባባላችሁት?»

«ምኑን?» አለች። እውነትም አላስተዋለችውም። እሱን የባሰ ያቃጠለው ይኸው አለማስተዋሏ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ የላፕቶፑ ዋይፋይ ድርግም አለ። ስልኮቻቸው በዚያው ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ላፕቶፑ ግን ዋይፋይ ኖሮት የማያውቅ ይመስል ምልክቱን እንኳ ደብቋል። ስልኳን ስታነሳ ሐኪሙ ቀደማት።

«አስቀምጪው! ባልሽ ምን ሠርቶ የሚበላ መሰለሽ?»

ሱቅ ወሰደው። ክዳኑን ፈታ፣ ትንሿን የዋይፋይ ካርድ ነቅሎ አጸዳት፣ መልሶ ሰካት፤ ወይ ፍንክች። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በበሩ አንገቱን አስግጎ የሚስቱን ላፕቶፕ አየና «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» ሲለው ጭራሽ ደሙ ፈላ።

ከሰዓት ሚስቱ ደወለች። «ባለሙያውን ጠይቄው ነበር። ትናንት አፕዴት ስታደርጊው የሲስተሙ እምብርት ተቀይሯል፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ከአዲሱ ጋር አልተስማማ ይሆናል አለኝ። ሲነሳ አሮጌውን እምብርት መርጠሽ ክፈቺው፤ ከሠራ ካርዱ ጤነኛ ነው አለ።»

«እሱ እዚያ ሆኖ ምኑን አየው?» ብሎ ዘጋባት።

ይዝጋባት እንጂ እጁ አላረፈም። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳው፤ አሮጌውን መረጠ። ዋይፋዩ ብቅ አለ! የሰፈሩ ኔትወርክ ሁሉ ተደርድሮ ታየው። ደስ ሊለው ሲገባ አልሆነለትም። ያንን ሰውዬ «አንተ ጎበዝ!» ስትለው ገና ከአሁኑ በጆሮው መጣበት። አጠፋው፤ በአዲሱ መልሶ አስነሳው፤ ዋይፋዩ ተመልሶ ጠፋ። ቤት ገብቶ ፊቷን ሳያይ «ካርዱ ሞቷል» አላት።

«አይዞህ፣ ምን ታደርገዋለህ» አለችው። ማዘኗ ከስድብ በለጠበት።

በማግስቱ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ስልኳን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ በስልኩ ኢንተርኔት ገባች፤ በባሏ ስልክ ለባለሙያው ደውላ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሐኪሙ ጫማ በማሰር ሰበብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሰውየው ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ስትሳሳት ትስቃለች። ለአዲሱ የሚስማማውን ድራይቨር ጫነች፤ አጥፍታ አስነሳች። ዋይፋዩ መጣ።

አመስግና ስልኩን ዘጋችና ዞረች። «ሞቷል አላልክም?»

የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ።

«አሮጌውን ሞክረኸው ነበር?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። «ሞክሬዋለሁ። ሠርቶልኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሁለታችሁ ስትስቁ አልወድም።»

ትክ ብላ አየችው። «እኔ የምስቀው ስለሚያስተምረኝ ነው። አንተ አንድ ነገር ሲበላሽ ከእጄ ነጥቀህ ትሄዳለህ። አንድ ቀን እንኳ ነይ እዪ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

የዚያን ዕለት ሱቁን ሳይከፍት ዋለ። በኋላ ወንበር ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና «እስኪ ያደረግሽውን አሳዪኝ» አላት። አሳየችው፤ ትንሽም እየኮራችበት።

ቅናቱ ግን በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ስልኳ በጠራ ቁጥር ጆሮው እንደቆመ ነው። አሁን አሁን ከጎኗ ሆኖ ጥያቄ ይጠይቃል። ባለሙያው አንዴ «ባልሽም ተማሪዬ ሆነ ማለት ነው!» ብሎ ቀለደ። እሷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሐኪሙ ግን አልሳቀም።