ሁለት ኪሎ ጤፍ በሙለታ ወፍጮ ቤት

ሙለታ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ እህል ሲፈጭ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ጩኸቱ ጆሮውን ስላደከመው ሰው የሚለውን ከከንፈር ያነባል፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ነጭ ደግሞ ዱቄት ይሁን ሽበት እሱም አጣርቶ አያውቅም። ወፍጮው የራሱ ነው። ቤቱ ግን የአቶ ገብረጊዮርጊስ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አቶ ገብረጊዮርጊስ መጡና ዱቄት እንዳይነካቸው ኮታቸውን ሰብስበው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ነው» አሉት።

«እጥፍ?»

«ሜክሲኮ አካባቢ ስንት እንደገባ ጠይቅ። ገበያውን እኔ አልፈጠርኩት።»

«ሜክሲኮ ያለው ባንክ ነው፣ ጋሼ። እኔ ጤፍ ነው የምፈጨው።»

«ካልተመቸህ ልቀቅ።»

ልቀቅ ማለት ለአፍ ይቀላል። ወፍጮ እንደ ቡቲክ ልብስ በሻንጣ ታጥፎ አይሄድም። ትልቅ ኃይል የሚሰጥ የስሪ ፌዝ መብራት ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ቆጣሪው ደግሞ በቤቱ ባለቤት ስም ግድግዳው ላይ ተተክሏል። አቶ ገብረጊዮርጊስ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ገበያ ገበያ የሚሉን ነገር ይኸው ነው፤ አንዱ መሄጃ እንደሌለው ሌላው ማወቁ።

ሙለታ ሳምንት ሙሉ አሰበና ማስፈጫውን በኪሎ ከስድስት ብር ወደ አስር አወጣው። ካርቶን ላይ ጽፎ ሰቀለው።

መጀመሪያ ያየችው ጊፍቲ ናት፤ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ፣ በየሳምንቱ አንድ ኩንታል ጤፍ የምታስፈጭ።

«ጋሼ ሙለታ፣ ይሄ ካርቶን የእርስዎ ነው የአከራይዎ?»

«ጽሑፉ የእኔ ነው።»

«በሉ እኔም እንጀራዬ ላይ ሁለት ብር እለጥፋለሁ። ምግብ ቤቱም በያይነቱ ላይ ይለጥፋል። አከራይዎ ምሳ ሲበሉ ያገኙታል።»

ያገኙታል፤ ግን አይሰማቸውም። የኪራይ ጭማሪ ነጋዴውን ብቻ የሚነካ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የሚሰማቸውን ሄዶ ይጠይቅ። እማማ ፀዳለን ይጠይቅ።

እማማ ፀዳለ ጡረታ የወጡ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ከልደታ ማርያም ጀርባ ለብቻቸው ይኖራሉ። በየአስራ አምስት ቀኑ አምስት ኪሎ ጤፍ ያመጡ ነበር። ካርቶኑ ከተሰቀለ ወዲህ አንዴ ቀሩ፤ ሁለቴ ቀሩ። የሙለታ ፍርሃት ይኸው ነበር፤ ኪራዩን እከፍላለሁ ሲል እሳቸውን ማጣት። በነፃ ልፍጭልዎ እንዳይል፣ አንድ ጊዜ ሞክሮት «ለማኝ መሰልኩህ?» ብለው ወር ሙሉ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄደዋል።

በሦስተኛው መጡ። የያዙት ሁለት ኪሎ ነው።

«ምነው ጠፉ፣ እማማ?»

«ሩዝ ስበላ ከረምኩ፣ ልጄ። ለውጥ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።»

ሁለት ኪሎ ለወፍጮ መከራ ነው። ድንጋዩና ዱቄት የሚወርድበት የጨርቅ ቱቦ የድርሻቸውን ሳያስቀሩ አያሳልፉም። ለዚህ የሙለታ ቤት ደንብ አለው፤ ትንሽ የያዘ ሰው ብዙ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ይገባል፤ የፊተኛው ትራፊ የኋለኛውን ጉድለት ይሞላል። ይሁን እንጂ ትራፊም ባለቤት አለው፤ የፊተኛው ከፈለገ ቱቦውን አራግፎ መውሰድ ይችላል። ጊፍቲ ሁልጊዜ ታራግፋለች። ዱላ ይዛ ራሷ ትደበድበዋለች።

የዚያን ቀን የጊፍቲ ኩንታል ሊያልቅ ነበር። ሙለታ እማማን ከእሷ ቀጥሎ አቆማቸው። ጊፍቲ ዞር ብላ አየች፤ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ፣

«በእኔ ዱቄት ሊመጸውቱ ነው?» አለችው።

«አይደለም። ያንቺ ነው፤ አራግፊና ውሰጂ።»

ዱላውን አነሳች። እማማ ፀዳለ ፌስታላቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጊፍቲ ቱቦውን አንዴ ነካ አደረገችውና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ዛሬ ቸኩያለሁ» አለች፣ ጮክ ብላ። ኩንታሏን አሸክማ ወጣች። ጊፍቲ እዚያ ቤት ቸኩላ አታውቅም።

ሙለታ ሁለቱን ኪሎ ፈጨ። ቱቦውን መታ፣ ደግሞ መታ፤ ነጭ ዱቄት ፌስታሉን ሞልቶ አፉ ድረስ ደረሰ።

«ሃያ ብር» አላቸው፣ አንዲት ሳንቲም ሳይቀንስ።

ከፈሉት። ፌስታሉን ሲያነሱ ክንዳቸው ወረድ አለ።

«ከበደኝሳ» አሉ።

«ዕድሜ ነው፣ እማማ።»

ትንሽ ትክ ብለው አዩት። ካርቶኑንም አዩት።

«ይሆናል» አሉ። «እንግዲህ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ነው የማመጣው። አምስት መሸከም አቅቶኛል።»