ሁለት ዲሽ፣ አንድ ፈቃድ

ከአሶሳ በወጣሁበት ማታ፣ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ማንጎ በሞላባቸው ጆንያዎች መሃል ተቀምጬ፣ ልትሸኘኝ ከታች የቆመችውን የባለቤቴን የዘነቡን ፊት ላለማየት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስር ነበር። ጫማዬ ግን ቀድሞውኑ ታስሮ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ክልላችን ገና አዲስ የተቋቋመ ነበር። እኔ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ልጅ፣ ሃሩን የአሶሳ ተወላጅ፣ ከበርታ ብሔረሰብ የሆነ ነጋዴ፤ ሁለታችንም በዲሽ የያዝነውን ቴሌቪዥን በሽቦ ለየቤቱ እናደርስ ነበር። ደንበኛ ስንነጣጠቅ አይጥና ድመት ሆነን ኖርን። አንድ ቀን የክልሉ ቢሮ ጠርቶ ፈቃድ የላችሁም አለን።

«ስጡና» አልን።

«ክልሉ የመስጠት ሥልጣን የለውም።»

«የመዝጋትስ?»

«እሱ አለው» አለ ኃላፊው፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

በኋላ ለከተማው ከፌዴራል መንግሥት አንድ ፈቃድ ብቻ ተገኘ ተባለና ሁለታችንም አመለከትን። ጠባችን ሲብስ ሽማግሌ ፊት ቀረብን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሼኹ፣ «የተጣላ ሰው መንግሥት አይለምንም፤ ሁለታችሁም ማመልከቻችሁን አንሱ። ስትታረቁ አንድ ላይ ታስገባላችሁ» አሉ። የሽማግሌ ቃል ነውና አነሳን። ታርቀን፣ በግ በልተን ስንመለስ ፈቃዱ ከመሃል አገር ለመጣ ሰው ተሰጥቷል። «እናንተማ ትታችሁታል» አለን ኃላፊው። ዕቃችንንም ወረሱት።

ሃሩን እጄን ይዞ «ወላሂ፣ አንተ ሳይኖር እኔ ብቻዬን ፈቃድ አልጠይቅም» አለኝ። እኔ ሱዳን ሠርቼ አዲስ ዲሽ ይዤ ልመለስ፣ አብረን ልንከፍት ተስማማን። የወጣሁት ለዚህ ነው።

አሁን ካርቱም የሰው ጣሪያ ላይ ዲሽ እተክላለሁ። ሀቡብ የሚሉት አቧራ ሲነሳ ቀኑ ይጨልማል። እኛ ከዛፍ ሥር ረግጠነው የምናልፈውን ማንጎ እዚህ በሚዛን ይሸጡታል። የአሶሳ ዝናብ እስኪያመኝ ይናፍቀኛል። የመኖሪያ ፈቃዱን ኢቃማ ይሉታል፤ የለኝም። አከራዬን ጣሪያህ ላይ ዲሽ ልትከልልህና ኪራይ ቀንስልኝ ብለው፣ «ዲሹ ይቀመጥ፣ እሱ ፈቃድ አለው። ችግሩ አንተ ነህ» አለኝ።

ባለፈው ዓርብ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። የመሃል አገሩ ሰው ጥሎ ሄዷል፤ ቢሮው እንደገና አመልክቱ ብሏል አለችኝ። 

«ሃሩንን ቶሎ ማመልከቻ ያስገባ በይልኝ።»

«አስገብቷል» አለችኝ።

«የሁለታችንን?»

«የራሱን። በአካል የሌለ ሰው አንመዘግብም አሉት። እዚህ መጥቶ አለቀሰ፤ ምን ልበለው?»

ልቆጣ ፈልጌ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። ስለ ልጆቹ ነገረችኝ፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ነገረችኝ። ዘነቡ «መቼ ነው የምትመጣው?» ሳትለኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ያን ቀን አላለችኝም።