ክሩ ላይ የበራው መብራት

ሰው ሁሉ «ጎርናናዋ» ይላታል። በአካል ያገኛት ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል፤ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ስልክ ስታነሳ ደዋዩ «ማሙሽዬ፣ እናትህን ጥራልኝ» ይላታል። ጎርናናው ባስ ጊታሯ ነው። ልብስ ሰፊ ሆና ውላ በሳምንቱ መጨረሻ አራት ወፋፍራም ክሮች ትይዝና አዳራሽ ሙሉ ሰው ታስጨፍራለች። ከሚጨፍሩት ብዙዎቹ ባስ የትኛው እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ያቆመች እንደሆነ ግን ወለሉ ከእግራቸው ስር የሸሸ ይመስላቸዋል።

አጨዋወቷ ጩኸት የለበትም። ቀኝ እጇን ወደ ጊታሩ አንገት ጠጋ አድርጋ በጣቶቿ ሥጋ ትመታለች፣ ድምፁ ክብ ሆኖ ይወጣል። ወደ ታች ወርዶ ክሮቹ ከታሰሩበት ብረት አጠገብ የሚመታ ሰው ስታይ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ደረቅ ነው፣ ጥርስ ያሳክካል ትላለች። በግራ እጇ ክሩን የምትጫነው ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ ከተጋደመችው ቀጭን ብረት፣ ጀርባ ጠጋ ብላ፣ ጨርቅ የያዘች ያህል በቀስታ ነው። አውራ ጣቷ ደግሞ የማትመታው ክር ላይ ያርፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እንዳያንጎራጉር። «የባስ ግማሽ ሥራው ማስጮህ አይደለም፣ ዝም ማሰኘት ነው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

አዲስ ክር አትወድም፣ ይንጫረራል። ያረጀውን በጥጥ ጨርቅ እየጠረገች ታቆየዋለች፤ ላብና ቆሻሻ ጠጥቶ ሲደነዝዝባት ደግሞ ትፈታውና ድስት ውስጥ ትቀቅለዋለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የእሷና የአማቷ ነው። አማቷ ድስቱን ከፍተው ያዩና፣ «ዛሬም የብረት ሾርባ ነው?» ይላሉ። «ጨው ጨመርሽበት ወይስ እኔ ልጨምር?»

ነገሩ የጀመረው የአዳራሹ ባለቤት መድረኩን ሲያሰፋ ነው። ቀይና ሰማያዊ መብራቶች አሰቀለ፣ ለመብራቶቹ የሚሆን አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር አስዘረጋ። ሥራውን የሠራው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው በድፍረት ነው።

በመጀመሪያው ልምምድ ላይ አምፕሊፋየሯ እንደ ንብ መንጋ ጮኸ። ትንሽ ትንሽ የማይጮህ አምፕሊፋየር የለም፤ እጅ ክሩ ላይ ሲያርፍ ግን ይረጋል። ይኼኛው እጇን ስታሳርፍ ባሰበት። ገመድ ቀየረች። ከመብራቶቹ ራቅ ብላ ቆመች። ጊታሩን አዙራ ያዘች። ምንም። ከዚያ አዝማቹን ልትቀበል ወደ ማይክራፎኑ አፏን ስታስጠጋ ከንፈሯ ላይ የሆነ ነገር ነደፋት፣ ዘላ ወደ ኋላ አለች።

«ምነው?» አላት ድራመሩ። ባንዱን የመሠረተው እሱ ነው፤ ከሁሉም ታላቅ ስለሆነ ጋሼ ይሉታል።

«ማይኩ ነከሰኝ፣ ጋሼ።»

ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ደም ይኖርበት እንደሆነ ግን አየች። ደም አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ክርኗ ድረስ ነዘራት። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም ከድምፅ ማጉያው ጧ! የሚል ነገር ተሰምቷል። በነጋታው ቴስተር ገዛች፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ሲነካ ውስጡ ትንሽ አምፑል የሚበራውን ጠመንጃ መፍቻ። ቤቷ አምፕሊፋየሯን ሰክታ ክሩን ነካችበት፤ አልበራም። አዳራሹ ሄዳ፣ መድረክ ላይ ሰክታ፣ ድራመሩን ጠራችና የቴስተሩን ጫፍ ወፍራሙ ክር ላይ አሳረፈች። አምፑሏ ቀይ ሆና በራች።

ድራመሩ ዱላዎቹን ብብቱ ስር እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየ። «እሱን ክር ነው እንዴ በእጅሽ የምትይዢው?»

«በሁለት እጄ። ከዚያ ደግሞ አፌን ማይኩ ላይ አደርጋለሁ።»

ባለቤቱ ዘንድ አብረው ሄዱ። ቢሮው ከመግቢያው አጠገብ ነው፤ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የአዳራሹን መብራት በሙሉ የሚያጠፋ ትልቅ ማጥፊያ ያለበት የብረት ሳጥን ተለጥፏል። ሰውየው ሻይ እያማሰለ ሰማት።

«ሶኬቱ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ የለውም» አለችው። «ኤሌክትሪኩ መሄጃ ሲያጣ ጊታሩ ላይ ይቀመጣል። እኔ ማይኩን ስነካ በእኔ በኩል አድርጎ ያልፋል ማለት ነው። እባክዎ የሚያውቅ ሰው ያስጠሩ።»

«የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው።»

«ይምጣና ይየው እንግዲህ።»

የሚስቱ ወንድም መጣ። የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ ነቀለና ገልብጦ ሰካው። ቴስተሯን ተቀብሎ ክሩን ነካ፣ አልበራም። «ይኸው! ለዚህች ነው አገር የሚታመሰው?» አለና እጁን አራግፎ ሄደ። ባለቤቱም ሻዩን ጨረሰ።

ነገሩ አልጣማትም። ሽቦው አሁንም የለም፤ የተገለበጠ መሰኪያ ደግሞ ማንም ጠራጊ ነቅሎ መልሶ ይገለብጠዋል። እንደፈራችውም ሆነ፤ በሚቀጥለው ልምምድ አምፑሏ እንደገና በራች፣ ይባስ ብላ ደመቅ አለች። ከመድረኩ ኋላ ያለው ጣሪያ ሲዘንብ ያፈስ ነበር፣ ምንጣፉ ጥግ ጥጉን ጠቁሯል። ምንጣፉን በጫማዋ ጫፍ ጫን ስትለው ውኃ አፈለቀ።

ጊታሯን ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። «ሽቦው እስኪገባ እዚህ አልጫወትም።»

«አንቺ፣ ማይኩን ስፖንጅ አልብሺውና ተጫወቺ» አላት ድራመሩ። «ጠልቼሽ እንዳይመስልሽ። ይህን አዳራሽ ካጣን የት እንገባለን?»

«ጋሼ፣ እርስዎ የያዙት እንጨት ነው» አለችው፣ ወጣችም።

ባንዱ ሳይውል ሳያድር ሌላ ሰው አገኘ። ቀልጣፋ ልጅ እግር ነው፤ ጊታሩ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ክሮቹ ሁልጊዜ አዲስ ናቸው፣ በአውራ ጣቱ እየጎሰመ ሕዝቡን ያስጮኻል። ከሁሉ የከፋው ግን እየተጫወተ ግንባር ቀደም ሆኖ ይዘፍናል፤ ደስ ሲለው ማይኩን ከማቆሚያው ነቅሎ ይይዛል። ይህን ስትሰማ ልትፈልገው ወጣች። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ አገኘችው።

«ወንድሜ፣ ያ መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ጊታሩንና ማይኩን አንድ ላይ እንዳትይዝ።»

ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ቦታሽን ፈልገሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ፣ እንነጋገራለን።»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ፊቷ እሳት ሆነ። ቴስተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። «እኔን አትመን። ክሩን ንካበትና ራስህ እይ።»

ተቀበላት፣ የጊታሩን አንድ ብሎን ጠበቅ ጠበቅ አደረገበትና፣ «ጥሩ መፍቻ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ቤት ስትገባ ለአማቷ ነገረቻቸው። «ነግረሽዋል፣ ልጄ» አሏት። «ከዚህ በላይ ምን ታደርጊ? እጁን አትይዢለት።» እሷም እንደዚያው ለራሷ ደጋገመችው፤ አላጽናናትም። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የሞተሩ እዝዝታ ያን የአምፕሊፋየር ጩኸት ይሆንባታል። ሥራ መሀል እግሯን አንስታ ታዳምጣለች።

ባንዱ በዚያ መድረክ ላይ የሚጫወትበት ቀን እሑድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ምሳ ቀርቦ አንድ ጉርሻ ሳትጨርስ ተነሳች።

«የት ነው በዚህ ዝናብ?» አሏት አማቷ።

«ደርሼ እመጣለሁ፣ እማማ።»

አዳራሹ ደጃፍ ስትደርስ ባሱ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር፤ ደረቅ፣ ብርቱ፣ እንደ ጅራፍ የሚጮህ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይህን ልትክደው አልቻለችም። ሰዉ ጢም ብሎ ይጨፍራል፣ ግድግዳው በሰው ትንፋሽ ወዝቷል። መጋረጃው ስለተዘጋ ያለው ብርሃን የመድረኩ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ነው። በሰዎች ትከሻ መሀል አንገቷን አስግጋ አየች፤ ምንጣፉ ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል። ልጁ እዚያ ላይ ቆሟል፣ ስስ ሸራ ጫማ አድርጓል።

ወደ መድረኩ ለመሄድ ሞከረች፣ ሰዉ አላሳልፍ አላት። «ጋሼ!» ብላ ጮኸች፤ ቀጭኑ ድምጿ ከአፏ ራቅ ሳይል ጠፋ። ልጁ በቀኝ እጁ ወፍራሙን ክር እንደመታ ግራ እጁን ዘርግቶ ማይኩን ጨበጠ።

ባሱ ጎረነነ። ወፍራም፣ የሚያገሳ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ የልጁ ራስ ወደ ኋላ ተወረወረ፣ አፉ ተከፈተ፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሕዝቡ የጨዋታው ክፍል መስሎት እጁን አንስቶ በደስታ ጮኸ። አንዳንዱም እንደሱ እየተንቀጠቀጠ ጨፈረ።

እሷ ብቻ አወቀች። የተመታ ክር ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ይኼ አልሞተም። እጁ ማይኩን እንደጨበጠ የቀረው ፈልጎ አልነበረም፣ መልቀቅ አቅቶት ነው።

ዞራ በመጣችበት ሰዉን በክርኗ እየሰነጠቀች ወደ መግቢያው ሮጠች። የብረቱን ሳጥን ከፈተች፣ ትልቁን ማጥፊያ በሁለት እጇ ጎትታ ወደ ታች አወረደችው። ሁሉም በአንዴ ጠፋ። ከጨለማው ውስጥ «ኧረ መብራት!» የሚል ቁጣ፣ ፉጨት፣ ከዚያ ከመድረኩ ላይ የሆነ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ባለቤቱ ከቢሮው እየተንደረደረ ወጥቶ ክንዷን ያዛት። «አብደሻል? ልቀቂው!»

«ከነካኸው እጅህን እቆርጠዋለሁ» አለችው። አንቱታው የት እንደገባ እሷም አላወቀችም። ሰውየው ክንዷን ለቀቀ።

አንድ ሰው መጋረጃውን ገለጠ። በዝናቡ ግራጫ ብርሃን ድራመሩ ከልጁ አጠገብ ተንበርክኮ ደረቱን ሲጫን ታየ፤ ሲጫን፣ ሲጫን፣ እያለቀሰ ሲጫን።  በመጨረሻ ልጁ እንደሚያንኮራፋ ሰው አንዴ ትንፋሽ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ።

ተረፈ። ግራ እጁ መዳፉ ላይ ተቃጥሎ ነበር፤ ቁስሉ ሲድን ቆዳው ስቦ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጠፋቸው። ክር የሚጫን እጅ አልሆነም። ባለቤቱ «ዝናቡ ነው» አለ፤ ቢሆንም ከሌላ ሠፈር ባለሙያ አስመጥቶ መስመሩን በሙሉ አስነቀለ። የሚስቱ ወንድም በዚያ በኩል ሲያልፍ አልታየም።

ልጁ ቤቷ የመጣው ፋሻው ከተፈታለት በኋላ ነው። አማቷ ወንበር ስበው አስቀመጡት፣ ሻይ ሰጡት፤ በቀኝ እጁ ብቻ ያዘው። 

«ሲጮሁልኝ ይሰማኝ ነበር» አለ። «ልቀቁኝ እያልኩ ነበር እኮ። በልቤ። እነሱ ግን ያጨበጭባሉ።»

 ሻዩ እንዳይደፋበት ብርጭቆውን ከስር ደገፈችለት።

ድራመሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት ቀን ተመላለሰ፣ በሦስተኛው አማቷ «በቃ፣ ግባ» አሉት። አሁን ሌላ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ፣ እሷ ባሱን ይዛ፣ ልጁ እየዘፈነ። ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ አምሯል ይላሉ የሚሰሙት። ማይኩን ግን አይነካውም፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚዘፍነው። አምፕሊፋየሯን ስታበራ እዝዝታው ሲጀምር ከመድረኩ ይወርዳል። ታች ሆኖ ፊቷን ያያል። እሷም ክሩን በእጇ ጀርባ ነክታ፣ አዳምጣ፣ ራሷን እስክትነቀንቅለት ድረስ ወደ መድረኩ አይወጣም። አንዳንድ ቀን ሳትነቀንቅ ትቆያለች፤ ሰዉ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ማጨብጨቡ በበረታ ቁጥርም ልጁ ወደ በሩ ይጠጋል።