ጌታነህ ያሳመረው ፎቶ

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ፎቶ የሚያጥበው ጌታነህ የዚህችን ደንበኛውን ስም ጠይቆ አያውቅም። የካሜራዋን ማንገቻ እጇ ላይ ጠምጥማ ትመጣለች፤ የምታሳጥበው አእምሮውን የታመመ ወንድሟን ፎቶ ብቻ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ኮት ደርቦ፣ ፂሙ ደረቱ ላይ ወርዶ። የምትወስደውም ለራሱ ልታሳየው ነው።

ዛሬ ጌታነህ ደግ የሠራ መስሎት ፂሙን በኮምፒውተር ላጨው፤ ኮቱንም አንድ አደረገለት።

"ይሄ ማነው?" አለችው።

"ወንድምሽ ነዋ፣ እህቴ። ትንሽ አሳመርኩት።"

በነጠላዋ ጫፍ የፎቶውን ፊት ጠረገችው።

"ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።"

"እንደነበረ ልመልሰው?" አላት ግራ ገብቶት።

ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ትበል እምቢ አልገባውም። ፎቶውን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ በሩ ድረስ ሄደችና ተመለሰች።

"እሱም 'ይሄ ማነው?' ካለኝ ምን ልበለው?"