ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን

በዕድሜዬ ብዙ የማይረባ ዕቃ ገዝቻለሁ፤ እንደዚያች ሳጥን የናቅሁት ግን የለም። ጂንካ ገበያ ላይ ያለው ነጋዴ «መምህር፣ ይቺን ከያዝክ ሐሳብህን ጣል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። አንድ ሃርድ ዲስክ የተወተፈባት ፕላስቲክ ናት። ከራውተሩ ጋር ትገናኝና በቤቱ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ ትገለብጣለች ተባለ።

እኔ የጨነቀኝ የአባቴ ድምፅ ነበር። ገዘር ከተማ ሳለ፣ ከመሞቱ በፊት፣ የጎሳችንን ታሪክ በቋንቋችን በአሪኛ ሲያወራ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ያን ታሪክ እንደሱ የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

ሳምንት ሙሉ እንደ ተማሪ ፈተንኳት። አንዱን ቅጂ ገልብጣ እስክትጨርስ ሚኒባስ ገዘር ደርሶ ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲጠፋማ ጭራሽ አታውቀኝም! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ ማንነትህን አረጋግጥ ትለኛለች። እንዲህ ያለ ድፍረት ከቀበሌ ጸሐፊ እንኳ አላየሁም። ያም ሆኖ ርካሽ ናትና አሳለፍኳት። የአባቴን ቅጂዎች ሁሉ ወደ እሷ ገለበጥኩና፣ ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ዋናዎቹን ከስልኬ አጠፋሁ። ባክአፕ ማለት ሁለተኛ ቅጂ ነው እያልኩ በየዓመቱ የማስተምረው የኮምፒውተር መምህር እኔው ነኝ።

በእኛ ቤት መብራት ብልጭ ካለ ሶኬት መንቀል ሕግ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተቃጥሎብን የተማርነው ነው። የሳጥኗ መመሪያ ግን ሳታጠፉ አትንቀሉ ይላል። ይሄን የጻፈው ሰው ጂንካን አያውቃትም ብዬ ሳቅሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ብልጭ ሲል ባለቤቴ ወደ ፍሪጁ ስትሮጥ እኔ ሳጥኗን መዥረጥ አድርጌ ነቀልኳት። መልሼ ስሰካት ቀጭ ቀጭ አለች፤ ሰማያዊው መብራት ቀይ ሆኖ ቀረ።

አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ከፍቶ አያትና «ዲስኩ ሞቷል፣ መምህር» አለኝ። ተናደድኩ። በሳጥኗም፣ በነጋዴውም፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

ታላቅ እህቴ ገዘር ናት። ቁልፎቹ የተፋቁበትን ስልኳን ቆርቆሮ እያልኩ ስቀልድባት ኖሬያለሁ። አባታችንን ለሙከራ መጀመሪያ የቀዳሁት በዚያ ስልክ እንደነበር፣ ስደውልላት ያስታወሰችኝ እሷ ናት። እኔ የተበላሸ ነው ብዬ አጥፊው ያልኳትን፣ የአባቷ ድምፅ አለበትና አላጠፋችውም። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ቅጂውን ከፈተችልኝ። የሚሰማው የኔ ጩኸት ነው። «አባ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! ኧረ እንደሱ አይደለም፤ ስልኩን አይንኩት!» አባቴን እንደ ክፍል ተማሪ ነበር የምቆጣው። ከዚያ እሱ በቀስታ «አሁን ልጀምር፣ ልጄ?» ይላል።

«ይቆዩ!» ይላል የኔ ድምፅ። ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል።